የተቀደደችው ወረቀት፦ የየቲሞችን ሐዘን በእጅ ሥራ ስለ ማጽናናት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓባዎቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በሚከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንማማረው ስለ የቲሞች ምግብ፣ ልብስ፣ የትምህርት ወጪና የንብረት አጠባበቅ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ግን በደረሰኝ የማይጻፍና በሚዛን የማይለካ ጉዳይ ላይ ያተኩራል፤ እርሱም የቲሙ በልቡ ተሸክሞት የሚዞረው ሐዘን ነው። ይህ ሐዘን በቃል መውጣት ሲያቅተው በእጅ ሥራ፣ ማለትም በመሣል፣ በመጻፍ፣ ስፌት በመስፋትና ሸክላ በመሥራት እንዴት መውጫ እንደሚያገኝ፣ ሸሪዓችንም ለዚህ ምን ያህል በር እንደከፈተ በአላህ ፈቃድ እንመለከታለን። ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። በዚሁ ጉዳይ ከባድ ስሕተት ሠርቶ ከስሕተቱ የተማረ አንድ የመድረሳ አስተማሪ ሆኜ ነው።

1. የተቀደደችው ወረቀት

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነበር። በማስተምርበት መድረሳ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ከአንድ ዓመት በፊት በሕመም ሞቶ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። ስሟን አልጠቅስም። አንድ ቀን ልጆቹ ሱራቸውን ሲደግሙ እርሷ በደብተሯ ጀርባ ላይ አጎንብሳ ስትሣል አገኘኋት። ጀለቢያ የለበሰ ሰው በበር አጠገብ ቆሟል። እኔም በቁርኣን ሰዓት ነፍስ ያለው ነገር መሣሏ አስቆጥቶኝ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት ገሥጬያት ወረቀቷን ቀደድኩት። ልጅቱ አላለቀሰችም። ያላለቀሰች መሆኗም ያን ጊዜ ምንም አላስደነገጠኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምጿ ጠፋ። በሰዓቷ ትመጣለች፣ በቦታዋ ትቀመጣለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ነገር ግን ቃል አይወጣትም። ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ አያቷ መድረሳው በር ድረስ መጡ። «ኡስታዝ፣ አላህ ይጠብቅዎና፣ ልጄን ምን ነካብኝ? ሌሊት እየተነሣች ቁጭ ትላለች። ‹የአባዬ ፊት እየጠፋብኝ ነው› ትለኛለች። ፎቶው እንኳ የለን፤ ምን ላሳያት?» አሉኝ። ስለ ወረቀቱ አላወቁም ነበር። እኔም በዚያች ሰዓት ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም።

በማግስቱ በልጅነቴ ወዳስቀሩኝ አረጋዊ ሸኽ ዘንድ ሄድኩ። ያደረግኩትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «የቀደድኸው ሥዕል ፊት ነበረው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አስታወስኩት። ዐይን የለውም፣ አፍንጫ የለውም፤ ራሱ ባዶ ክብ ነበር። «አልነበረውም» አልኳቸው። «እንግዲህ ልጅቱ የጠፋባትን ነገር ነበር ያሳየችህ። አንተ ብያኔውን አየህ እንጂ ልጅቱን አላየሃትም» አሉኝ።

ይህ ትምህርት ከዚያች ንግግር የተነሣ ነው።

2. የቲም ማን ነው?

በሸሪዓችን ቋንቋ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱን በሞት ያጣ ልጅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ነበሩ። አባታቸው ዐብደላህ እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ሞቱ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው አሚና ከመዲና ወደ መካ ሲመለሱ አብዋእ በተባለች ቦታ ሞቱ። ከዚያ መንገድ ሕፃኑን ይዘው ወደ መካ የተመለሱት ኡሙ አይመን በረካ (ረ.ዐ.) ነበሩ። እርሳቸውም ከእኛው ከሐበሻ ምድር የተገኙ እመት ናቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እስከ መጨረሻው እንደ እናት ያከብሯቸው ነበር። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ሞቱ፤ ከዚያም አጎታቸው አቡ ጧሊብ አሳደጓቸው።

እስቲ ያችን የመመለሻ መንገድ እናስባት። አንዲት ሐበሻዊት ሴትና እናቱን ቀብሮ የሚመለስ የስድስት ዓመት ሕፃን በበረሃ። ዛሬ የቲም የምታሳድጉ እናቶች፣ አያቶችና አክስቶች ሁሉ የኡሙ አይመንን ፈለግ የምትከተሉ ናችሁ።

አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱ አድ-ዱሓ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቲም ሳሉ እንዳስጠጋቸው አስታውሶ፣ የቲምን እንዳያንገላቱ አዘዛቸው። የቲሙን ገንዘብ መንካት ብቻውን ማንገላታት አይምሰለን። በሰው ፊት ማሳፈር፣ ሐዘኑን መናቅና አፉን ማስያዝም ማንገላታት ነው። እኔ ከልጅቱ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም፤ ነገር ግን አንገላትቻታለሁ።

3. ሐዘን በቁርኣንና በሱና

አንዳንድ ወገኖች ልጅ ሲያዝን ካዩ «ሰብር አድርግ፤ ማልቀስ የኢማን ጉድለት ነው» ይሉታል። ይህ ከሰብር ትርጉም የራቀ ነው። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ልጃቸውን ዩሱፍን ባጡ ጊዜ ዐይኖቻቸው ከሐዘን ብዛት እስኪነጡ ድረስ እንዳዘኑ፣ ሐዘናቸውንም ለአላህ ብቻ እንዳሰሙ ሱረቱ ዩሱፍ ይነግረናል። ሰብራቸውም ያማረ ሰብር ተብሏል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አነቡ። ሰሓባው ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ቢገረሙ፣ እንባው እዝነት መሆኑን፣ ዐይን እንደሚያነባና ልብ እንደሚያዝን፣ አንደበት ግን ጌታን የማያስቆጣ ቃል ብቻ መናገር እንዳለበት አስተማሯቸው።

የልጅን ሐዘን በተመለከተ ደግሞ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የአቡ ዑመይር ታሪክ በቂያችን ነው። የአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም የነበረው ይህ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞተችበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፊቱ በጨዋታ መልክ ጠየቁት። የመንግሥትና የጦርነት ጉዳይ በጫንቃቸው ላይ የነበሩ መሪ ስለ አንድ ሕፃን ወፍ ለመጠየቅ ጊዜ አገኙ። «ወፍ ብቻ ናት፤ ሌላ ትገኛለች» አላሉትም። ወፊቱን ስሟን ጠርተው ጠየቁት። ልጅን ማጽናናት የሚጀምረው ያጣውን ነገር ስሙን ከመጥራት ነው።

ሌላም አስደናቂ ሐዲስ አለ። ቡኻሪ ከዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን አራት ማዕዘን ሣሉ። በመካከሉ ከማዕዘኑ አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣ መሥመር አሠመሩ። በመካከለኛው መሥመር ጎንም ትንንሽ መሥመሮችን ጨመሩ። ከዚያም መካከለኛው መሥመር የሰው ልጅ፣ የከበበው ማዕዘን የዕድሜው ገደብ፣ ወደ ውጭ ያለፈው ክፍል ምኞቱ፣ ትንንሾቹ መሥመሮች ደግሞ የሚያገኙት መከራዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ቢስተው ሌላው እንደሚያገኘው አስረዱ። ልብ በሉ! ስለ ሞት፣ ስለ ምኞትና ስለ መከራ ለማስተማር ንግግር ብቻ አልበቃቸውም፤ መሥመር ሣሉ። በቃል ሲነገር የሚከብድ ነገር በዐይን ሲታይ ለልብ ይቀርባልና።

4. የቀደምት ሙስሊሞች ጥበብና የዛሬው ሙያ

የልብን ሕመም ማከም ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም። ከ850 እስከ 934 እ.ኤ.አ. የኖሩት የባልኹ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለ መጽሐፍ ጽፈዋል። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አካል፣ ሁለተኛው ክፍል ስለ ነፍስ ጤንነት ነው። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና የሚመላለስ ሐሳብን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ሐዘንንም ለሁለት ይከፍሉታል፤ እንደ ተወዳጅ ሰው ሞት ያለ ምክንያቱ የታወቀ ሐዘንና ምክንያቱ ያልታወቀ ሐዘን። የቲሞቻችን ሐዘን ምክንያቱ የታወቀው ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ መታወቁ መድኃኒት አያሻውም ማለት አይደለም።

ሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ በ1488 እ.ኤ.አ. በኤዲርኔ ከተማ ባስገነቡት ሕንፃ ውስጥ የነበረው ሆስፒታልም የአእምሮ ሕመምተኞችን በሚፈስ ውኃ ድምፅ፣ በመልካም ሽታና በዜማ ይረዳ እንደነበር የ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ኤቭሊያ ቸለቢ ጽፏል። ሕንፃው ዛሬ የጤና ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል።

በዘመናችን «አርት ቴራፒ» የሚባለው፣ በአማርኛ የሥነ ጥበብ ሕክምና ልንለው የምንችለው ሙያ ስሙን ያገኘው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙን ያወጣው አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበር። ይህ ሰው በ1938 እ.ኤ.አ. በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በደቡብ እንግሊዝ በሚገኝ የሕሙማን ማረፊያ ሲተኛ፣ በአልጋው አጠገብ ያሉትን ዕቃዎች እየሣለ ጊዜውን ያሳልፍ ነበር። መሣሉ ሕመሙን እንዲሸከም እንደረዳው ባየ ጊዜ ሌሎች ሕሙማንንና ቁስለኛ ወታደሮችን ማስተማር ጀመረ። ጥሪውን ያገኘው ጤነኛ ሆኖ ሳይሆን በሕመም አልጋው ላይ ነው።

በዚያው ዘመን ፍሪድል ዲከር ብራንደይስ የተባለች የቪየና ተወላጅ አይሁዳዊት ሠዓሊ፣ ናዚዎች በቴሬዚን ባሰሯቸው ሕፃናት መካከል ሥዕል ታስተምር ነበር። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ተለይተዋል፤ ብዙዎቹ ከስማቸው ይልቅ በቁጥር ይታወቃሉ። እርሷ ግን በሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርጋቸው ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ከመገደሏ በፊት 4,500 ያህል የልጆች ሥዕሎችን በሁለት ሻንጣ ደብቃ ተወች። ከቀደሙት ተማሪዎቿ አንዷ ኤዲት ክራመር በኋላ በኒውዮርክ ይህን ሙያ ለልጆች ካስፋፉት ሰዎች አንዷ ሆናለች። በግፍ የተያዘ ልጅን ስሙን ማስጠበቅ ከየትም ይምጣ ከማንም የሚወደድ ሥራ ነው።

ዛሬ ይህ ሙያ በትምህርት የሚገኝ ነው። በአሜሪካ የማስተርስ ዲግሪ ይጠይቃል፤ በብሪታንያም የሙያው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ እኔና መሰሎቼ የምንሠራው ሕክምና አይደለም። ለልጅ እርሳስ፣ ጊዜና ሰሚ ጆሮ የመስጠት አገልግሎት ነው። ወሰኑን ማወቅ አማና ነው።

5. «ሥዕል አይፈቀድም» ለሚለው ስጋት

አንባቢው እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ነፍስ ያላቸውን ነገሮች መሣልን የሚያወግዙ ጠንካራ ሐዲሶች አሉ። ብዙ ዑለማዎችም በእነዚህ ላይ ተመሥርተው ከልክለዋል። ይህን ማቃለል የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በዚያው የሐዲስ ቅርስ ውስጥ መውጫውም ተቀምጧል።

አንደኛ፣ በሥዕል የሚተዳደር ሰው ወደ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ ሲጠይቃቸው፣ ብያኔውን ከነገሩት በኋላ ባዶ እጁን አልሰደዱትም፤ የግድ የምትሠራ ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌላቸውን ነገሮች ሥራ ብለው መከሩት። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ በር ሲዘጋ ሌላ በር ማሳየት የዐዋቂ ሰው ፈትዋ ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበርና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳልከለከሏቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎች ከዚህ ተነሥተው ለልጆች ጨዋታ የተለየ ብያኔ ሰጥተዋል።

ሦስተኛ፣ የፊት ቅርጽ የሌለውን ምስል በተመለከተ ፉቀሃዎች ቀለል ያለ አመለካከት እንዳላቸው ሸኹ አስረድተውኛል። የእኔ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። እያንዳንዱ መድረሳ በአካባቢው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ። ነገር ግን ብያኔውን ለማስከበር የልጅን ልብ መስበር ግዴታ አለመሆኑን ሁሉም ይስማሙበታል። ሸኹ ያሉኝ ይህን ነበር፦ «ወረቀቱን መውሰድ ቢኖርብህ እንኳ ሌላ ወረቀት ሳትሰጣት እንዴት ትወስዳለህ?»

6. የአባቷ ጫማዎች

በቀጣዩ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ልጅቱንና አያቷን ለብቻ አስቀምጬ አጠፋሁ አልኳቸው። የቀደድኩትን ነገርኳቸው፤ ልጅቱንም ይቅርታ ጠየቅኋት። አያቷ እጅግ ደነገጡ፤ ልጅቱ ግን ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ከዚያም አዲስ ደብተርና እርሳስ ሰጥቻት፣ «የአባትሽ ፊት ከጠፋብሽ፣ ያልጠፋብሽን ነገር ሣይልኝ» አልኳት።

ጫማ ሣለች። በበር አጠገብ የወለቀ፣ አንዱ ወደ ጎን የወደቀ ጥንድ ጫማ። በሚቀጥለው ሐሙስም ያንኑ ጫማ ሣለች። በሦስተኛውም እንዲሁ። እኔ «ሌላ ነገር ሣይ» ለማለት ቸኩዬ ነበር፤ አላህ ግን ምላሴን ያዘልኝ። በአራተኛው ሐሙስ ከጫማው አጠገብ የእጅ ባትሪ ጨመረች። «ስለዚህ ንገሪኝ» አልኳት። አባቷ ለሱብሒ ሰላት ወደ መስጊድ ሲወጣ በዚያ ባትሪ እንደሚያበራ፣ ከመውጣቱ በፊትም ብርሃኑን ኮርኒሱ ላይ አዞሮ እንደሚያስቃት ነገረችኝ። ድምጿን ከሰማሁ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ሐዘኗ በዚህ ተወገደ አልላችሁም። የአባቷ ፊት ተመልሶ አልመጣላትም፤ ሌሊት መነሣቷም ወዲያው አልተወገደም። ነገር ግን አባቷን የምታገኝበት ቦታ አገኘች። ቁርኣኗንም በድምፅ ማንበብ ጀመረች። ዛሬ አድጋ የራሷን ኑሮ ትመራለች። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ፈቃዷን ስጠይቅ፣ «ታሪኩን ይጻፉት ኡስታዝ፤ ሥዕሉን ግን እንዳያሳዩ» አለችኝ። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የወጣ ሥዕል የለም።

7. የረሳሁት ውለታ

ከሸኹ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ያስታወስኩት ነገር ነበር። እኔም የቲም ነኝ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ሲመታ አባቴ ሞተ፤ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቀብር በኋላ ወደ ቁርኣን ቤት ስመለስ ለብዙ ቀን መቅራት አልቻልኩም። እኚሁ ሸኽ አልገረፉኝም፣ «ሰብር አድርግ» ብለውም አልመከሩኝም። ከድስት ሥር ጥቀርሻ እየፋቅሁ ከሙጫ ጋር አሽቼ ቀለም እንዳዘጋጅላቸው አዘዙኝ። ከዚያም መቃ ብዕር ቀርጸው ሰጡኝ፤ በለውሑ ጠርዝ ላይ ሐረግ እንድሥልና «አሊፍ» እና «ባእ»ን እየደጋገምኩ እንድጽፍ አደረጉኝ። ለውሑ ሲሞላ እናጥበዋለን፤ እንደገና እጽፋለሁ። ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላውቅም። አንድ ቀን ግን በጽሑፉ መካከል አለቀስኩ፤ እርሳቸውም ዝም ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

ሸኹ «አርት ቴራፒ» የሚለውን ቃል ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን እጅ ሲሠራ ልብ እንደሚፈታ ያውቁ ነበር። እኔ በተራዬ አስተማሪ ስሆን የተደረገልኝን ረስቼ፣ ለእኔ የተሰጠውን ለሌላይቱ የቲም ነፈግሁ። አላህ ይማረኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ያለውን ሰዓት ለየቲሞች የእጅ ሥራ ለይቼዋለሁ። ሰው ጥሪውን ሩቅ አገር ሄዶ የሚፈልገው ነገር ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን የእኔን ያገኘሁት ከተቀበልኩት ውለታና ከሠራሁት ጥፋት መካከል ነው።

8. በቤትና በመድረሳ እንዴት እንጀምር?

ሀ. ቋሚ ቀንና ቦታ ይኑር። ወላጁን ያጣ ልጅ ነገሮች ሁሉ በድንገት እንደሚጠፉ ተምሯል። በየሳምንቱ በሰዓቱ መገኘታችን ራሱ ትምህርት ነው።

ለ. ዕቃው ቀላል ይሁን። ወረቀት፣ የቀለም እርሳስ፣ ከሰል፣ የሸክላ አፈር ይበቃል። ስፌት ለሚችሉ ስንደዶና አክርማ ማቅረብ ይቻላል። የሐረርና የወሎ እናቶች ስፌት፣ የለውሕ ሐረግ፣ የዐረብኛ ኸጥ ሁሉ ነፍስ ያለው ምስል ሳያስፈልጋቸው ያማሩ ጥበቦች ናቸው።

ሐ. ነጥብ አይሰጥ፣ ውድድር አይደረግ። «ጎበዝ፣ ያምራል» ማለት እንኳ ልጁ እኛን ለማስደሰት እንዲሠራ ሊያደርገው ይችላል። «ስለዚህ ንገረኝ» ማለት ይሻላል። መናገር ካልፈለገ ዝምታውን እናክብር።

መ. አንተርጉም። ጥቁር ቀለም ሁልጊዜ ሐዘን አይደለም፤ ሌላው እርሳስ አልቆበት ሊሆን ይችላል። የሥዕሉን ትርጉም የሚያውቀው የሣለው ልጅ ነው።

ሠ. የልጁን ዕድሜ እንወቅ። ትንንሽ ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑን ወዲያው አይረዱም፤ «አባቴ መቼ ይመጣል?» ብለው ደጋግመው ይጠይቃሉ። አንዳንዶች ወላጃቸው በእነርሱ ጥፋት የሞተ ይመስላቸዋል። ሐዘናቸውም እየመጣ ይሄዳል፤ አሁን አልቅሶ ወዲያው ኳስ የሚጫወት ልጅ ረስቷል ማለት አይደለም። የሆድ ቁርጠት፣ አልጋ ላይ መሽናትና ቁጣም የሐዘን መልክ ሊሆኑ ይችላሉ። «ተኝቷል» ወይም «መንገድ ሄዷል» አንበላቸው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍንና መንገድን ይፈራሉ። መሞቱንና ወደ አላህ መመለሱን በለሰለሰ ቃል እንንገራቸው።

ረ. ከአቅም በላይ የሆነውን ለባለሙያ እናስተላልፍ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ምግብና እንቅልፍ ካጣ፣ ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ፣ ወይም የሚደርስበትን ጥቃት በሥራው ካሳየ፣ ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ ከጥቃትም መጠበቅ ግዴታችን ነው። ዱዓና ሩቅያ ማድረግ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናልና።

9. ለለጋሾች አንድ አደራ

ውድ ለጋሾች! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት እንደ ሁለት ጣቶች ከእርሳቸው ጋር ቅርብ እንደሚሆን አመልካች ጣታቸውንና መካከለኛ ጣታቸውን እያሳዩ አብሥረዋል። ከዚህ የሚበልጥ ደመወዝ የለም። ነገር ግን የሰጠነው ገንዘብ ምን እንደሠራ ለማየት ስንፈልግ፣ አንዳንድ ጊዜ የቲሙን እንባ ማስረጃ አድርገን እንጠይቃለን። ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ ሥዕሉን እንፈልጋለን።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ የየቲምን ንብረት በግፍ የሚበሉትን እሳት እንደሚበሉ አድርጎ አስጠንቅቋል። ልጅ በሐዘኑ ሰዓት የሠራት ወረቀት የእርሱ ናት። ያለ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መስቀል ወይም ለመዋጮ ማሰባሰቢያ ማተም ከንብረቱ መንካት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ እያንዳንዳችን ልባችንን እንጠይቅ። በሱረቱል በቀራም ሰደቃን በመመጻደቅና በማስቀየም ከንቱ እንዳናደርግ ተከልክለናል። የማኅበሩን ሒሳብ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠይቁ፣ መርምሩም። የልጁን ልብ ግን ለልጁና ለጌታው ተዉለት። ከምትሰጡት ላይ ጥቂቱ ለደብተርና ለቀለም እንዲውል ኒያ ብታደርጉ፣ ውጤቱን ባታዩትም አላህ ያየዋል።

10. በቤተሰብ የምንወያይባቸው ጥያቄዎች

• በቤታችን የሞተውን ወላጅ ስም መጥራት ቀርቷልን? ለምን?
• የአቡ ዑመይር ወፍ ታሪክ ልጆቻችንን የምናጽናናበትን መንገድ እንዴት ይለውጣል?
• በልጅነታችን ሐዘናችንን ያቀለለልን ሰው ማን ነበር? ምን አደረገልን?
• ልጅን በድለን ይቅርታ ጠይቀን እናውቃለንን?

በመጨረሻም፣ ያች የቀደድኳት ወረቀት ዛሬም አለችኝ። ከወለሉ ላይ ሁለቱን ቁራጭ አንሥቼ በኪሴ ከትቼ ነበር፤ በዚያች ሐሙስ ልመልስላት ብል ልጅቱ «እርስዎ ያስቀምጡት» አለችኝ። በኪታቤ መካከል አስቀምጫታለሁ። አዲስ የቲም ወደ መድረሳችን ሲመጣ አወጣትና አያታለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞቻችንን ልብ ያጽና፣ የሞቱትን ወላጆቻቸውን ይማርልን፣ የአሳዳጊዎችን ድካም ይቀበል፣ የለጋሾችን ሪዝቅ ያስፋ፣ እኛንም ከማንገላታት ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።